ለሳኩራ ቀን አይቆረጥለትም

ሳኩራን፣ ማለትም የጃፓንን የቼሪ አበባ፣ ለማየት ጃፓን መሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየትኛው ሳምንት ልሂድ?» ብሎ ነው። ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ዛፉ በአንድ ከተማ ደምቆ የሚታየው ለአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ የሚያብብበት ቀን ደግሞ ከዓመት ዓመት እስከ ሁለት ሳምንት ወዲያ ወዲህ ይላል። ቶኪዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ2021 እና በ2023 አበባው መጋቢት 5 (ማርች 14) ፈነዳ፤ በ2024 ግን እስከ መጋቢት 20 (ማርች 29) አስጠበቀ። ከስድስት ወር በፊት ትኬት ገዝቶ፣ ለአሥሩም ቀን ኪዮቶ ላይ ሆቴል ይዞ የሚሄድ ሰው ዕጣ እንደጣለ ይቁጠረው።

የሚያዋጣው ቀኑን ይዞ ቦታውን ክፍት መተው ነው። ጃፓን ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋች አገር ስለሆነች አበባው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የሆነ ቦታ ላይ አይጠፋም። የአገሪቱ ሜትዮሮሎጂ ኤጀንሲ ከ1991 እስከ 2020 ያሉትን ዓመታት ይዞ ያወጣው የመፈንጃ ቀን አማካይ እንዲህ ነው፦ ፉኩኦካ መጋቢት 13፣ ቶኪዮ መጋቢት 15፣ ኪዮቶ መጋቢት 17፣ ሴንዳይ መጋቢት 30፣ አዎሞሪ ሚያዝያ 14፣ ሳፖሮ ሚያዝያ 23። ይህን መስመር የያዘ ሰው አበባው ቢቀድመው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ተራራ ይከተለዋል፤ ቢዘገይበት ደግሞ ቀድመው የሚያብቡ ዝርያዎችን እያየ ይጠብቃል።

ካይካ እና ማንካይ

ዜና ላይ «ቶኪዮ ሳኩራ ፈነዳ» ሲባል ሰው ሮጦ ፓርክ ይገባል፤ የሚጠብቀው ግን ባዶ ቅርንጫፍ ነው። ኤጀንሲው በየከተማው አንድ የመለኪያ ዛፍ አለው፤ የቶኪዮው ያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነው። ባለሙያው ዛፉ ሥር ቆሞ ይቆጥራል። አምስት ወይም ስድስት አበባ ከተከፈተ «ካይካ» ይታወጃል። ሰማንያ በመቶው ያህል ሲከፈት ደግሞ «ማንካይ» ይባላል። በቶኪዮ አማካዩ ማንካይ መጋቢት 22 ስለሆነ በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ሳምንት አለ። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ይህ ጊዜ ያጥራል፤ ሳፖሮ ላይ አራት ቀን ገደማ ነው።

ስለዚህ ትንበያ ስታነቡ የትኛው ቀን እንደተጻፈ ለዩ። ብዙ ሰው የካይካውን ቀን አይቶ ሆቴል ይይዝና አበባው ሳይሞላለት ይመለሳል። ጥሩው ጊዜ ማንካይ ሊታወጅ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ይጀምርና ከታወጀ በኋላ አራት አምስት ቀን ይዘልቃል። ብርድ ከሆነ ይረዝማል። ዝናብም ቢሆን ገና በመከፈት ላይ ያለን አበባ ብዙ አይጎዳውም፤ ማንካይን ካለፈ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ከነፋስ ጋር ግን በአንድ ሌሊት ዛፉን ያራግፈዋል።

ዛፉ ሥር ቆማችሁ ስንት ቀን እንደቀረው ለማወቅ የአበባውን መሀል ተመልከቱ። አዲስ የተከፈተ አበባ መሀሉ ነጣ ወይም አረንጓዴ ያለ ነው። እያረጀ ሲሄድ መሀሉ ይቀላል፤ ከሩቅ ሲታይ ዛፉ ይበልጥ ሮዝ የሆነ ይመስላል። ቀላ ማለት ሊረግፍ ነው ማለት ነው። ነገ እመለሳለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ፎቶውን ያኔውኑ አንሱ።

በከተማ ውስጥ የሚታየው አብዛኛው ዛፍ ሶሜይ ዮሺኖ የሚባለው ዝርያ ነው። ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ ባለችው በቀድሞዋ ሶሜይ መንደር በኤዶ ዘመን ማብቂያ (በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ) የተስፋፋ ሲሆን የኤዶሂጋን እና የኦሺማ ሳኩራ ዲቃላ ነው። የሚራባው በዘር ሳይሆን ቅርንጫፉን ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ ስለሆነ ሁሉም ዛፎች በውርሳቸው አንድ ናቸው። በአንድ ፓርክ ያለው ሁሉ እንደተማከረ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳውም፣ በአንድ ጊዜ የሚረግፈውም ለዚህ ነው።

እምቡጡ የሚያዘው ባለፈው በጋቸው፣ በሐምሌና ነሐሴ ነው። ከዚያ ይተኛል። እንዲነቃ በቂ የክረምት ብርድ ያስፈልገዋል፤ ከነቃ በኋላ የሚያፈጥነው ሙቀት ነው። ጃፓኖች ለዚህ የታወቀ የግምት ስሌት አላቸው፦ ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀት በሴልሺየስ ትደምራላችሁ፤ ድምሩ 600 ሲደርስ አበባው ይፈነዳል። ለቶኪዮ በደንብ ይሠራል። ለደቡቡ ካጎሺማ ግን ማመን ያስቸግራል፤ ክረምቱ ሞቃት ከሆነ እምቡጡ በደንብ ስለማይነቃ ከቶኪዮ በኋላ የምታብብበት ዓመት አለ። «ደቡብ ስለሆነ ይቀድማል» ብላችሁ አትተማመኑ።

ኤጀንሲው ራሱ ትንበያ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ከ2010 ጀምሮ የሚተነብዩት እንደ ዌዘርኒውስ ያሉ የግል ድርጅቶች ናቸው። የመጀመሪያው ትንበያ በጥር ይወጣል፤ ለወሬ ያህል አንብቡት እንጂ ገንዘብ አትክፈሉበት። የሚታመነው የካቲት ማብቂያ ላይ የሚወጣው ነው። በአጠቃላይ ግን አበባው እየቀደመ ነው፤ የኪዮቶ የማንካይ መዝገብ ከመኳንንት ማስታወሻዎች እየተለቀመ ከ1,200 ዓመት በፊት ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን ከዚያ ሁሉ ውስጥ እጅግ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የ2021ዱ መጋቢት 17 (ማርች 26) ነው።

መስመሩን መዘርጋት

አሥራ ሁለት ቀን ያለው ሰው ከመጋቢት 18 (ማርች 27) ገደማ ቢጀምር ይመረጣል። ቶኪዮ አራት ሌሊት፣ ኦሳካ ወይም ኪዮቶ አራት ሌሊት፣ የቀሩትን አራቱን ሳትቆርጡ ተዉ። ለሁሉም ሌሊት ሆቴል ቀድማችሁ ያዙ፤ ነገር ግን ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ብቻ። ኪዮቶ በዚህ ሰሞን ዋጋዋ ኪስ ይጎዳል። ኦሳካ አድሮ መመላለስ ይቻላል፤ ከኦሳካ ጣቢያ ሺንካይሶኩ የሚባለው የጄአር (የጃፓን ምድር ባቡር) ባቡር ኪዮቶ የሚያደርሰው በ30 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እንደ እጅግ ፈጣኑ ባቡር እንደ ሺንካንሰን ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ቶኪዮ ላይ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሺንጁኩ ግዮኤን የሚባለው የአትክልት ስፍራ ግቡ። ከስልሳ በላይ ዝርያ ስላለው ከሶሜይ ዮሺኖ የሚቀድም አንዱን አታጡም፤ ዘግይታችሁም ብትደርሱ ድርብርብ የአበባ ቅጠል ያለው ያኤዛኩራ ይቆያችኋል። መግቢያው 500 የን ነው፤ የአልኮል መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ቦርሳም ይፈተሻል። ቅርንጫፉ እንደ ሻሽ ወደ ታች የሚወርደው ሺዳሬዛኩራም ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ይቀድማል፤ ሪኩጊኤን የአትክልት ስፍራ ያለው የታወቀ ነው። ሜጉሮ ወንዝ ዳር ወደ አራት ኪሎ ሜትር የሚሄድ የዛፍ ረድፍ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ ግን ሰው በሰው ላይ ስለሆነ አበባውን ትታችሁ የሰው ጀርባ ነው የምታዩት። ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ።

ኪዮቶ ደርሳችሁ ከተማው ረግፎ ከሆነ ሁለት ማምለጫ አለ። አንደኛው ኒናጂ ቤተ መቅደስ ነው፤ ኦሙሮ የሚባሉት አጫጭር ዛፎች ዘግይተው፣ ኤፕሪል አጋማሽ አካባቢ ነው የሚያብቡት። ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ናራ ክፍለ ግዛት ያለው የዮሺኖ ተራራ ነው። ሠላሳ ሺህ ገደማ ዛፍ ያለበት ሲሆን አብዛኛው ያማዛኩራ የሚባለው የዱር ዝርያ ነው። አበባው ከቀይማ ቡናማ ለጋ ቅጠል ጋር አብሮ ስለሚወጣ ተራራው ሁሉ አንድ ዓይነት ሮዝ አይሆንም፤ ዝንጉርጉር ነው። ተራራው በአራት ይከፈላል፦ ሺሞ፣ ናካ፣ ካሚ እና ኦኩ ሴንቦን፣ ማለትም ታች፣ መሀል፣ ላይ እና ውስጠኛው። አበባው ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከሚያዝያ መግቢያ ቀደም ብሎ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል አንዱ ጋ ሲረግፍ ሌላው ጋ ይደምቃል። ቀን መሳት ከባድ የሆነበት ብቸኛው ቦታ ይኸው ይመስለኛል።

ወደዚያ የሚወስደው ጄአር ሳይሆን ኪንቴትሱ የሚባለው የግል ባቡር ነው፤ ከኦሳካ አቤኖባሺ ጣቢያ ቀጥታ የሚሄደው ሊሚትድ ኤክስፕረስ 80 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በአበባው ሰሞን ከጣቢያው ወደ ላይ የሚወስድ አውቶቡስ ስላለ ላይ ድረስ ወጥታችሁ ቁልቁል ተራመዱ። ከታች ጀምሮ የሚወጣው ሰው ናካ ሴንቦን ሲደርስ ይደክመውና ላዩን ሳያይ ይመለሳል።

ሁሉም ካመለጣችሁ ወይም መነሻችሁ ራሱ ከኤፕሪል አጋማሽ በኋላ ከሆነ ፊታችሁን ቶሆኩ ወደሚባለው ሰሜናዊ ክልል መልሱ። ካኩኖዳቴ በሳሙራይ ሰፈሯ ጥቁር የእንጨት አጥር ላይ በሚወርዱት ሺዳሬዛኩራዎች፣ ሂሮሳኪ ደግሞ በቤተ መንግሥቷ ግቢ ባሉት 2,600 ገደማ ዛፎች የታወቁ ናቸው።

ሂሮሳኪ ላይ ልቆይ። ጃፓኖች ሳኩራን የሚቆርጥ ሞኝ፣ የኡሜን (የጃፓን ፕሪም) ዛፍ የማይቆርጥ ሞኝ የሚል አባባል አላቸው፤ የሳኩራ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ በቁስሉ ፈንገስ ገብቶ ግንዱን ያበሰብሰዋል። ሂሮሳኪ ግን የፖም አገር ናት። የፓርኩ ሠራተኞች የፖም ገበሬውን አገራረዝ ወስደው ያረጀውን ቅርንጫፍ በየክረምቱ እየቆረጡ ቁስሉን መድኃኒት ይቀቡታል፤ ዛፉ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ውጤቱን ቀርባችሁ እዩት፦ ሌላ ቦታ ከአንድ እምቡጥ ሦስት አራት አበባ ሲወጣ እዚያ አራትና አምስት ታገኛላችሁ፤ ቅርንጫፉም ዝቅ ብሎ በዓይን ቁመት ላይ ነው። ከ1882 ጀምሮ የቆመ ሶሜይ ዮሺኖ ዛሬም እያበበ ነው። ዘግይታችሁ ብትደርሱም አትዘኑ፤ የረገፈው አበባ የቤተ መንግሥቱን የውሃ ቦይ ሸፍኖ ሮዝ ምንጣፍ የሚሆነው ማንካይ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ለዚያ ብቻ ብለው የሚመጡ አሉ።

አንድ ጣጣ አለበት። ከሚያዝያ 21 እስከ 27 (ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5) «ጎልደን ዊክ» የሚባለው የበዓላት ሳምንት ነው፤ አገሩ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ወደ ሰሜን የሚሄዱት ሀያቡሳ እና ኮማቺ ባቡሮች መቀመጫ ሳይያዝ አይሳፈርባቸውም። ትኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከጉዞው ልክ አንድ ወር በፊት፣ በጃፓን ሰዓት ከጠዋቱ 10:00 ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ይህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሁለቱም 10 የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ ቶኪዮ ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም በአበሻ ሰዓት የሚሄድ የእጅ ሰዓት እዚያ ማስተካከል አያስፈልገውም፣ ሌሊትና ቀኑን ብቻ መገልበጥ ነው።

ባቡርና ሻንጣ

የጄአር የሰባት ቀን ፓስ በኦክቶበር 2023 ወደ 50,000 የን ወጣ፤ ቀድሞ 29,650 ነበር። ቶኪዮ–ኪዮቶ ኖዞሚ በሚባለው የሺንካንሰን ባቡር ደርሶ መልስ 28,000 የን ገደማ ስለሆነ ይህን ብቻ ለሚሄድ ሰው ፓሱ ኪሳራ ነው። ሂሳብ ሳትሠሩ አትግዙ፤ የድሮ ጽሑፎች ሁሉ «ግድ ግዙ» የሚሉት በድሮው ዋጋ ነው።

የአበሻ ሻንጣ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ይህን ልብ በሉ። በቶካይዶ ሺንካንሰን (የቶኪዮ–ኪዮቶው መስመር) የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ከሻንጣ ቦታው ጋር የተያያዘውን መቀመጫ ቀድማችሁ መያዝ አለባችሁ። ለመቀመጫው ጭማሪ የለውም፤ ሳትይዙ ከተገኛችሁ ግን 1,000 የን ያስከፍላሉ። ከ250 ካለፈ ጭራሽ አይገባም። ከዚህ ሁሉ ታኪዩቢን የሚባለውን የዕቃ ማድረሻ ተጠቀሙ፤ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ሻንጣውን ትሰጣላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ የሚቀጥለው ሆቴል ይጠብቃችኋል። የአንድ ሌሊት ልብስ በትንሽ ቦርሳ መያዝ አትርሱ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ በሌላ አገር የምትኖሩም ማመልከቻውን የምታስገቡት በምትኖሩበት አገር ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ስለሆነ በኅዳር መቸኮል ጥቅም የለውም፤ ጥር ጥሩ ነው። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት ያለው ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል።

ጾም ነው

ይህን የሚጽፍ ስለሌለ በደንብ ላስፋው። ፋሲካችን መቼም ቢውል የመጋቢት 15–22 ሰሞን ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ጿሚ ሆኖ ጃፓን መግባት ደግሞ ከሩቅ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ሥጋውን መተው ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ዳሺ ነው። ዳሺ ማለት ከደረቀ ዓሣ (ካትሱዎ) የሚወጣ መረቅ ሲሆን ሾርባው ውስጥ፣ የሶባ (የጃፓን ኑድል) ማጥለቂያው ውስጥ፣ የተቀቀለው አትክልት ውስጥ፣ ናቶ (የተብላላ አኩሪ አተር) ላይ በምትፈሰው ትንሽ ፓኬት ሶስ ውስጥ ሁሉ አለ። «አትክልት ብቻ ነው» ብሎ አስተናጋጁ ሲምል አልዋሸም፤ ዳሺን እንደ ዓሣ አይቆጥረውም። ስለዚህ «ሳካና ኖ ዳሺ ሞ ታቤራሬማሴን» በሉ፤ የዓሣ መረቅም አልበላም ማለት ነው።

የታሸገ ምግብ ላይ እንቁላል (ታማጎ) እና ወተት (ንዩ) በአለርጂ ሕግ መሠረት ግድ ይጻፋሉ። ካትሱዎ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የአለርጂውን ሳጥን ብቻ አይቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ መብላት ስህተት ነው። ሙሉውን ይዘት በስልክ ካሜራ አስተርጉሙ። ከየሱቁ ኦኒጊሪ (የተድቦለቦለ ሩዝ) ውስጥ ኡሜቦሺ (በጨው የተቀመመ ኡሜ) ወይም ኮምቡ (የባሕር ቅጠል) ያለባቸው ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የካትሱዎ ቅመም የሚገባባቸው አሉ። ቀዝቃዛ ቶፉ ስታዙ ከላይ የዓሣ ፍርፋሪ እንዳይነሰንሱበት ቀድማችሁ ተናገሩ። የአትክልት ቴምፑራ ሊጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው። ዳቦው ወተትና ቅቤ አያጣም።

ሙሉ በሙሉ የሚያሳርፋችሁ ሾጂን ሪዮሪ ነው፤ የቡድሃ መነኮሳት የጾም ምግብ። መረቁ ከባሕር ቅጠል (ኮምቡ) እና ከእንጉዳይ ነው የሚወጣው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም። ኪዮቶ፣ አራሺያማ ሰፈር፣ ቴንሪዩጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ያለው ሺጌትሱ የሚባል ምግብ ቤት በዚህ የታወቀ ነው። ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ቲዝ ታንታን የሚባለው ቤት ምንም የእንስሳት ተዋፅዖ የሌለው ራመን (የኑድል ሾርባ) ይሸጣል። ዮሺኖ ላይ ደግሞ ኩዙሞቺ አለ፤ ከኩዙ ሥር ዱቄት ይሠራል፣ የአኩሪ አተር ዱቄትና ጥቁር የስኳር ማር ይፈስበታል። በእምነት ይበላል።

ሰዓት የምትጠብቁ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ብዙ ምግብ ቤቶች የምሳ የመጨረሻ ትዕዛዝ የሚቀበሉት በአበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ይዘጋሉ። እስከ 9 ሰዓት ጹሞ የሚወጣ ሰው ልክ ኩሽና በተዘጋበት ሰዓት ይደርሳል። ጠዋት ላይ የሚበላውን ገዝታችሁ ያዙ ወይም ቀኑን ሙሉ የማይዘጉትን የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ፈልጉ።

ዛፉ ሥር

ሳኩራ ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚረግጠው አፈር ሲጠቀጠቅ ሥሩ አየር ያጣል። ምንጣፍ ስታነጥፉ ከግንዱ ራቅ በሉ፤ ገመድ ወይም የቀርከሃ አጥር ካለ አትሻገሩ። ለፎቶ ብሎ ቅርንጫፍ መጎተት፣ አበባው እንዲዘንብ ዛፍ መነቅነቅ ነውር ነው፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬዋለሁ፣ ቁስሉ አይድንም። የቆሻሻ መጣያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሁለት ፌስታል ያዙ። ጫማ አውልቆ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ስለሆነ የሚታሰር ቦት ጫማ ያሰለቻል።

ቶኪዮ በመጋቢት ማብቂያ ቀን ላይ 15 ዲግሪ፣ ሌሊት 6 ገደማ ነው። የአዲስ አበባን ብርድ ለለመደ ከባድ አይደለም፤ ማታ መብራት የሚበራላቸውን ዛፎች ለማየት ውሃ ዳር አንድ ሰዓት ሲቆም ግን ያንቀጠቅጣል። ሂሮሳኪ በሚያዝያ አጋማሽም ቢሆን ወፍራም ጃኬት ይፈልጋል።

ፎቶ ላይ የሁሉም ሰው ቅሬታ አንድ ነው፦ በዓይን ነጭ የነበረው አበባ ስልክ ላይ ግራጫ ይወጣል። ካሜራው ብሩህ ሰማይ ሲያይ ሁሉን ስለሚያጨልም ነው። አበባው ላይ ተጫኑና ብርሃኑን በጣት ወደ ላይ ሳቡት፤ ካሜራ የያዘ ሰው ኤክስፖዠሩን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርግ። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ደግሞ ሰማዩን ተዉት፤ ጀርባው ጥቁር ግንድ፣ የድንጋይ ግንብ ወይም ውሃ እንዲሆን ዞራችሁ ቁሙ።